በረኛ ሰባት

ረቡዕ ረቡዕ ማታ፣ ልጅ ሆኜ በቤታችን፣
አንዲት የጠፈር መርከብ ታርፍ ነበር ሳሎናችን።
ቴሌቪዥኑ አሮጌ፣ ምስሉ እየዘለለ፣
አባቴ ጎኑን በጥፊ ሲለው እየተስተካከለ፤
ካፒቴኑ ፀሐይ ሲያድን፣ ጠላቱን ሲያባርር፣
እኔ የማየው ግን ሌላ ሰው ነበር፤
ከሰባተኛው በር
ጥጉን ይዞ የሚቆም፣ ግራጫ የሚለብስ፣
ክፍሉ ሲያልቅ ከነፊቱ የማይታወስ።
«እለፉ» ይላል። ያልፋሉ።
በአምስት ዓመት ውስጥ ቃሉ ይኸው ነው፤ እነሱም ያልፋሉ።

አባቴም በረኛ ነበር። ቤርሳቤህ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣
በሁለተኛው መግቢያ፣ አሥራ ስምንት ዓመት፣ በእግሩ ቆሞ።
«ገብያው» ማለት ከብዷቸው «ጋቢ» ብለው ጠሩት፤
ጋቢ የሚደረብ መሆኑን አላወቁት፤
እሱም አልነገራቸው። ብርድ ሲሆን ብቻ
ይስቅ ነበር ለብቻ።
እንግዳ ካልመጣ እህል አልቀምስም ያለ የአብርሃም አገር
ብረት ደጃፍ አበጅቶ ቦርሳ ያስፈትሽ ነበር።
ወታደሩ ከነሸክሙ፣ የራሃቷ ሴት ከነሕፃኗ፣
ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋል፤
ቦርሳ ሲያስከፍት ግን ዓይኑን ዘወር ያደርጋል፤
«የሰው ጓዳ ነው» ይላል፣ «በጣትም ይታያል።»

ዛሬ እኔ የካርቱን ሠዓሊ ነኝ፤ ከዚያው ጣቢያ ጀርባ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐምሌ ሲሆን ሊፍቱ የሚያኮርፍበት።
ያችን የድሮ መርከብ ለልጆች ሊያስነሱ፣
ባለቀለም፣ አዲስ ጉዞ ጽፈው ጨረሱ።
ካፒቴኑን ሊአት ወሰደችው፤
ሽበቱን ላጨችው፣ ጎረምሳ አደረገችው።
ጨረቃዎቹ ለአርካዲ። ለእኔ ምን ተረፈ?
አንድ ክፍል፣ ስድስተኛው፤ በበረኛው ላይ የተጻፈ።

ፊት አልነበረውም። የድሮውን ምስል ባቆመው፣ ባጎላው፣
የማገኘው ጥላ ነው፣ ቆቡ የበላው።
ወረቀቱ ላይ «በረኛ ሰባት» ይላል፤ ሌላ የለም።
ስለዚህ ሰረቅሁ።
የአባቴን ቀኝ ትከሻ፣ ወደ ታች የሰገደውን፣
ዚፕ ሳይከፍት አስቀድሞ «ይቅርታ» የሚለውን አውራ ጣቱን።
ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል፤
አሥራ ሁለት ጊዜ እጁን ያነሣል፣
አሥራ ሁለት ጊዜ ያፍራል።

ድርሰቱ እንዲህ ነው፦ የብርሃን ማዕበል፤ መርከቧ ስትናጥ፣
ፀሐይዋ የሞተባት ትንሽ ፍጥረት፣ ክንፏ የሚንቀጠቀጥ፣
ያለ መታወቂያ ሰባተኛውን በር ታንኳኳለች።
«ዝጋ!» ይላል ካፒቴኑ።
ይዘጋል። መርከቧ ትድናለች። ኒሻን ይሰጡታል።

ሦስት ቀን ሣልሁ። እጁ አልዘጋም አለ።
በሩ ጋ ሲደርስ የአባቴ መሆኑን ያቆማል፤ የማንም እጅ መሰለ።
ሐሙስ ማታ አባቴ ዘንድ ሄድሁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በደረጃ፤
«አባዬ፣ በሩን እንዴት ነበር የምትዘጋው?»
ጉልበቱን ቅባት እያሸ ቀና ብሎ አየኝ።
«እኔ? በር ዘግቼ አላውቅም። መዝጋት የማታ ፈረቃ ነው።
የኔ ሥራ ‹እለፉ› ማለት ነበር፤
ሌላውን እነሱን ጠይቂ።»

ሌሊቱን ሣልሁት። ከፍቶ።
ፍጥረቷ ስትገባ «ስምህ ማነው?» ትለዋለች፤
«ገብያው» ይላል።
ተዋናዩን አሥራ አንድ ጊዜ አስደገምሁት፣
«ያው» ላይ ሲደርስ ምላሱ እየታጠፈ።
ዳይሬክተሩ ተቆጣ፤ ሰዓቱን አየ፤ ጊዜ አልነበረም፤
እንዳለ አለፈ።

ክፍሉ በታየ ማታ
ዮታም፣ የወንድሜ ልጅ፣ ከአያቱ ጭን ላይ ጮኸ፦
«አባባ፣ ስምህን አለ!»
አባቴ ዝም አለ።
ማዕበሉ አልፎ፣ መርከቧም ሳትሰበር፣
የሠራተኞቹ ስም ከታች ወደ ላይ ሲበር፣
ተነሣና የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፉ ነካ አደረገው፤
አዲስ ነው እኮ፣ ጠፍጣፋ፤ ምስሉ አይዘልም።
ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ
«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ሰውየው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆመ።
በሚቀጥለው
ወንበር ሥዪለት።»